ሳይሸነፍ የተበተነ ቡድን፦ የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ የ1951 የውድድር ዘመን

በ1951 የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን በውድድር ዘመኑ ያደረጋቸውን ዘጠኝ ግጥሚያዎች በሙሉ አሸነፈ፤ በመዝገቡ ላይ ሽንፈትም ሆነ አቻ ውጤት አልሰፈረም። በዘመኑ ልማድ እንዲህ ያለ ውጤት ያስመዘገበ ቡድን በአዲስ ዓመት ዕለት ከሚካሄዱት የክብር ግጥሚያዎች ወደ አንዱ እንደሚጋበዝ ይጠበቅ ነበር፤ ይሁን እንጂ ከተጫዋቾቹ ሁለቱ ጥቁሮች ስለነበሩና የቡድን ጓደኞቻቸው እነሱን ትተው ለመሄድ ስላልፈቀዱ ግብዣው ሳይመጣ ቀረ፤ ብዙም ሳይቆይ ዩኒቨርሲቲው ቡድኑን ዘጋው። ይህ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው በዚያ እምቢታ ቢሆንም፣ እምቢታው ከሦስት ዓመት የጋራ ልምምድ፣ ድካምና ኑሮ የበቀለ እንጂ በአንድ ምሽት የተወለደ አልነበረም፤ ስለዚህም ትርጉሙ በሚገባ የሚታወቀው ቡድኑ እንዴት እንደተገነባ፣ በምን ዓይነት ዘመን እንደተጫወተና ውሳኔው ምን እንዳስከፈለው በቅደም ተከተል ሲታይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታውና ዘመኑ

የአሜሪካ እግር ኳስ በኢትዮጵያ እግር ኳስ ከሚባለው ጨዋታ የተለየ ነው። አሥራ አንድ አሥራ አንድ ተጫዋቾች ያሏቸው ሁለት ቡድኖች 100 ያርድ፣ ማለትም 91 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ሜዳ ላይ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው በመሮጥ ወይም ለጓደኛ በመወርወር ወደ ተጋጣሚው የሜዳ ጫፍ ለመድረስ ይታገላሉ፤ ኳስ የያዘው ቡድን በአራት ሙከራ ቢያንስ አሥር ያርድ መግፋት ሲኖርበት፣ ተከላካዩ ደግሞ ኳስ የያዘውን ሰው በአካል ይዞ በመጣል ያግደዋል። ኳሱን ይዞ የተጋጣሚውን የመጨረሻ መስመር ማለፍ ታችዳውን ይባላል፤ ይህም ስድስት ነጥብ ሲያስገኝ፣ ከዚያ በኋላ ኳሱን በእግር መትቶ በግቡ ምሰሶዎች መካከል ማሳለፍ አንድ ነጥብ ይጨምራል። ኳስ የያዘ ተጫዋች በራሱ የሜዳ ጫፍ ውስጥ ሲጣል ደግሞ ለተከላካዩ ቡድን ሁለት ነጥብ ይሰጣል።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የዚህ ጨዋታ ታላቅ መድረክ ዩኒቨርሲቲዎች ነበሩ። በየሳምንቱ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ተመልካቾች የተማሪ ቡድኖችን ለማየት ይሰበሰቡ ነበር፤ የውድድር ዘመኑ ካበቃ በኋላም የተመረጡ ቡድኖች ቦውል ተብለው በሚጠሩት የግብዣ ግጥሚያዎች ይገናኙ ነበር። ከእነዚህ የቀደመው በካሊፎርኒያዋ ፓሳዲና የሚካሄደው ሮዝ ቦውል ሲሆን፣ በማያሚ ኦሬንጅ ቦውል፣ በኒው ኦርሊንስ ሹገር ቦውል፣ በዳላስ ኮተን ቦውል፣ በጃክሰንቪል ደግሞ ጌተር ቦውል ተከትለውታል። ግብዣው ክብር ብቻ አልነበረም፤ ከመግቢያ ትኬት ሽያጭ ለተጋባዡ ዩኒቨርሲቲ የሚደርሰው ድርሻ የስፖርት ክፍሉን ወጪ የሚደጉም ገንዘብ ነበር። ሮዝ ቦውል ከ1947 ጀምሮ በሁለት ታላላቅ የዩኒቨርሲቲ ማኅበራት መካከል በተደረገ ውል ለእነሱ አባላት ብቻ የተወሰነ በመሆኑ፣ በየትኛውም ማኅበር ያልታቀፈ አንድ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ወደ ታላላቆቹ ግጥሚያዎች ለመግባት የነበረው መንገድ የሚያመራው ወደ ደቡብ ነበር።

ደቡቡ ደግሞ ጥቁሮችን ከነጮች የሚለዩ ሕጎች ትምህርት ቤቱን፣ ባቡሩን፣ ሆቴሉንና የስታዲየሙን መቀመጫ ሳይቀር የሚገዙበት ምድር ነበር። የደቡብ ዩኒቨርሲቲዎች ጥቁር ተማሪዎችን ስለማይቀበሉ ቡድኖቻቸው የነጮች ብቻ ነበሩ፤ ከዚህም አልፎ ከሰሜንና ከምዕራብ የሚመጡ ተጋጣሚዎቻቸው ጥቁር ተጫዋቾቻቸውን እንዳያሰልፉ ይጠይቁ ነበር፤ የሰሜኖቹ ዩኒቨርሲቲዎችም «የጨዋ ሰዎች ስምምነት» በሚል ሽፋን ለረጅም ጊዜ እሺ ሲሉ ኖረዋል። ይህ ልማድ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መሰንጠቅ ጀመረ። በ1946 የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች ጥቁር ጓደኞቻቸውን ትተው ማያሚ ላይ አንጫወትም በማለታቸው ግጥሚያው ተሰረዘ፤ ያው ዩኒቨርሲቲ በ1948 መጀመሪያ ዋላስ ትሪፕሌትንና ዴኒስ ሆጋርድን አሰልፎ በዳላሱ ኮተን ቦውል ሲጫወት ሁለቱ ጥቁሮች የዚያ ግጥሚያ የመጀመሪያዎቹ ሆኑ፤ ቡድኑም ሳይለያይ የሚያርፍበት ሆቴል ከተማው ውስጥ ስላልነበረ በባሕር ኃይል የአየር ሰፈር አደረ። ፕሮፌሽናሉ እግር ኳስ በ1946፣ ቤዝቦልም በ1947 በሮቻቸውን ለጥቁሮች ከፍተው ነበር። እንዲህም ሆኖ ማያሚ፣ ኒው ኦርሊንስና ጃክሰንቪል በቀድሞው ልማዳቸው እንደጸኑ ነበር።

ቡድኑ ሲገነባ፣ 1948–1950

የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ በ1855 በካቶሊኩ የኢየሱሳውያን ማኅበር የተመሠረተ፣ ከጎልደን ጌት መናፈሻ ብዙም በማይርቅ ኮረብታ ላይ የተሠራ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ነው። ቡድኑ የሜዳው ግጥሚያዎችን የሚያደርገው በመናፈሻው ጥግ በሚገኘው የከተማው ኬዛር ስታዲየም ነበር፤ በዚያው ስታዲየም በ1946 የተቋቋመው ፎርቲናይነርስ የተባለው የፕሮፌሽናል ቡድንም ስለሚጫወት፣ ዩኒቨርሲቲው ተመልካች ለማግኘት ከባለሙያዎቹ ጋር መፎካከር ነበረበት።

በ1948 ጆ ኩሃሪች የቡድኑ ዋና አሰልጣኝ ሆነ። በኢንዲያና የተወለደው ኩሃሪች በሌላው የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ በኖትር ዳም፣ ቀጥሎም በቺካጎ ካርዲናልስ የፊት መስመር ተጫዋች የነበረ ሲሆን፣ ዲሲፕሊንን ከሁሉ የሚያስቀድምና ተጫዋቾቹን ያለ ርኅራኄ የሚያሠራ ሰው ነበር። የመጀመሪያ ዓመቱ ውጤት ሁለት ድልና ሰባት ሽንፈት በመሆኑ ብዙ ተስፋ አልሰጠም፤ ይሁንና ኩሃሪች የቡድኑ ችግር የተጫዋች እጥረት መሆኑን ተረድቶ፣ ታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ያልፈለጓቸውን ወይም ያላዩአቸውን ወጣቶች በአካባቢው ካሉ የሁለት ዓመት ኮሌጆች መመልመል ጀመረ።

በዚያው ዓመት የሳን ፍራንሲስኮ ሲቲ ኮሌጅ ቡድን ሳይሸነፍ ሲጨርስ ሁለት ጥቁር ወጣቶች ጎልተው ታይተው ነበር። አንደኛው ኦሊ ማትሰን በ1930 በቴክሳስ ትሪኒቲ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የመጣ፣ በሩጫ ውድድርም የታወቀ ወጣት ነበር፤ በአጥቂው ክፍል ኳስ ይዞ የሚሮጥ የኋላ ተጫዋች ሲሆን፣ ኳሱ ወደ ተጋጣሚ ሲያልፍም ከሜዳ ሳይወጣ ይከላከል ነበር። ሁለተኛው በርል ቶለር በ1928 በቴነሲ ሜምፊስ፣ የዘር መለያየት ሕግ በሚገዛበት ከተማ የተወለደ ሲሆን፣ በተከላካዩ ክፍል ከፊት መስመሩ ኋላ ቆሞ የተጋጣሚን ሯጭ በመጣል ወደር አልነበረውም። ሁለቱም በ1949 ወደ ዩኒቨርሲቲው ተዛወሩ። የሁለቱም ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ያሳደጉት ወይም አውጥተው የላኩት በዘር መለያየት ሕግ ከሚገዛው ደቡብ ነበርና፣ ያ ሕግ በሳን ፍራንሲስኮም ሆነው ተከትሎ እንደሚደርስባቸው የውድድር ዘመኑ መጨረሻ አሳይቷል።

ከነጮቹ ተጫዋቾች መካከል ለዚህ ታሪክ ዋነኛ የሆነው ጂኖ ማርኬቲ ነበር። ማርኬቲ በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ በምትገኘው አንቲዮክ ያደገ የኢጣሊያ ስደተኞች ልጅ ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለአሜሪካ ወዶ ዘምቶ በአውሮፓ ግንባር መትረየስ ተኳሽ ሆኖ ሲዋጋ፣ የአሜሪካ ዜግነት ያልነበራት እናቱ ግን «የጠላት አገር ሰው» ተብላ ከቤቷ እንድትለቅ ተገድዳ ነበር። መንግሥት ሰውን በሥራው ሳይሆን በትውልዱ ሲፈርጅ ምን እንደሚመስል በቤተሰቡ ላይ ያየ ሰው፣ ኋላ ለቀረበው ጥያቄ የሰጠው መልስ የማያሻማ መሆኑ አያስደንቅም። ከእሱ ጋር ቁመቱ ከሁለት ሜትር በላይ የሆነው ቦብ ሴንት ክሌር በፊት መስመር፣ ኤድ ብራውን ደግሞ ጨዋታውን በሚመራውና ኳሱን በሚወረውረው የኳርተርባክ ቦታ ተሰለፉ። የቡድኑን ዜና ለጋዜጦች የሚያሰራጨው የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ዜና ኃላፊ ደግሞ በ1950 ከዚያው የተመረቀው ፒት ሮዜል የተባለ ወጣት ነበር።

ኩሃሪች ቡድኑን ከውድድር ዘመኑ በፊት በሰሜን ካሊፎርኒያ ሸለቆ ወደምትገኘው ኮርኒንግ ወስዶ በበጋው ሐሩር ያሠለጥን ነበር። በዚያ ሙቀት የሚደረገው ልምምድ እጅግ ከባድ በመሆኑ ደካሞቹ ሲያቋርጡ፣ የቀሩት ግን በአንድ ገበታ እየበሉ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር እያደሩ እርስ በርስ መተማመንን ተማሩ፤ ማን ምን ያህል እንደሚችል የሚታወቀው በሜዳ ላይ በመሆኑም የማትሰንና የቶለር ቦታ በቡድኑ ውስጥ የሚያጠያይቅ አልነበረም። ውጤቱም በ1949 ወደ ሰባት ድልና ሦስት ሽንፈት፣ በ1950 ወደ ሰባት ድልና አራት ሽንፈት ተለወጠ። በ1951 መጀመሪያ ላይ ቡድኑ በልምድም በጉልበትም ለጋ የሚባልበት ጊዜ አልፎ ነበር።

የ1951 ግጥሚያዎች

ወቅቱ የኮሪያ ጦርነት የሚካሄድበት ነበር። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ኮሪያ የደረሰው የኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቃ በአሜሪካ ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተመድቦ ሲዋጋ፣ የአሜሪካ ጦርም ጥቁሮችንና ነጮችን በተለያየ ክፍል ማሰለፉን በጦር ሜዳው ላይ እያስቀረ ነበር። ጦርነቱ በእግር ኳሱም ላይ አሻራውን አሳረፈ፤ ብዙ ጠንካራ ተጫዋቾች ለውትድርና በመጠራታቸው የጦር ሰፈሮች ኃይለኛ ቡድኖች ነበሯቸው፤ የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲም በዚያ ዘመን ከካምፕ ፔንድልተን የባሕር ወለድ ወታደሮችና ከሳን ዲዬጎ የባሕር ኃይል ማሠልጠኛ ቡድን ጋር ተጋጥሞ ሁለቱንም አሸንፏል።

የውድድር ዘመኑ በሴፕቴምበር ወር በኬዛር ስታዲየም ተከፍቶ ሳን ሆዜ ስቴት 39 ለ 2 ተሸነፈ፤ ተሸናፊው ያገኛቸው ሁለት ነጥቦች ቀደም ሲል በተገለጸው የራስ ሜዳ ጫፍ ላይ የመጣል ሕግ የሚሰጡት ሲሆኑ፣ አንድም ታችዳውን ማስቆጠር አልቻለም ነበር። ቀጥሎ ቡድኑ ወደ ሰሜን ተጉዞ የአይዳሆን ዩኒቨርሲቲ 28 ለ 7 ረታ። ከዚያም በተከታታይ የተገኙት ድሎች በካሊፎርኒያ ጋዜጦች ዘንድ ስሙን ቢያገኑትም፣ ተጋጣሚዎቹ በአገር ደረጃ የታወቁ ስላልነበሩ የምሥራቁ ጋዜጦች ብዙም አላስተዋሉትም።

ይህ የተለወጠው በኦክቶበር ወር ቡድኑ አገሪቱን አቋርጦ ኒው ዮርክ ላይ ከፎርድሃም ጋር ሲጋጠም ነው። ፎርድሃምም የኢየሱሳውያን ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ በ1930ዎቹ በአሜሪካ እግር ኳስ ከታወቁት ቡድኖች አንዱ ነበር፤ የኒው ዮርክ ጋዜጠኞችም ቅርብ ስለነበሩ፣ የዚያ ቀን ጨዋታ ለአንድ የምዕራብ ተጫዋች ስም ማግኛ ነበር። ፎርድሃም ከሌሎቹ ተጋጣሚዎች ሁሉ ይበልጥ ቢፈትናቸውም፣ ማትሰን የተጋጣሚው ቡድን ሁለት ጊዜ መትቶ የላከውን ኳስ ተቀብሎ ከሜዳው አንድ ጫፍ ወደ ሌላው በመሮጥ፣ አንዴ 94፣ አንዴ ደግሞ 90 ያርድ ሸፍኖ ሁለት ታችዳውን አስቆጠረ፤ ጨዋታውም በ32 ለ 26 ድል ተፈጸመ። አሥራ አንድ ሰዎች እየተሻሙ ሊጥሉት በሚሮጡበት ሜዳ ይህን በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ መፈጸም እጅግ ብርቅ ነው፤ ማትሰንም ከዚያ በኋላ በመላው አገሪቱ የሚታወቅ ስም ሆነ።

በዚያው ወር በኦክላሆማ ስቲልወተር የደረሰው ድርጊት አንድ ጥቁር ተጫዋች ጎልቶ ሲወጣ ምን ሊያጋጥመው እንደሚችል አሳየ። የድሬክ ዩኒቨርሲቲው ጥቁር ተጫዋች ጆኒ ብራይት ኳስ ሳይዝ በቆመበት በተደጋጋሚ ተመትቶ መንጋጋው ተሰበረ፤ የዴ ሞይን ሬጂስተር ጋዜጣ ባልደረቦች ያነሷቸው ተከታታይ ፎቶግራፎች ድርጊቱን ለአገሪቱ ሁሉ አሳይተው በ1952 የፑሊትዘር ሽልማት አገኙ። ጥቁር ተጫዋቾችን ከደቡብ ሜዳዎች ያራቀው ልማድ ከሕግና ከመከልከያ ጽሑፍ ባሻገር በሜዳው ውስጥ በሚሰነዘር ክንድም ይጠበቅ ነበር።

ከኒው ዮርክ መልስ ቡድኑ ሌላውን የኢየሱሳውያን ዩኒቨርሲቲና የረጅም ዘመን ተቀናቃኙን ሳንታ ክላራን 26 ለ 7 አሸነፈ። ሳንታ ክላራ በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ቦታ አለው፤ ይህ ከዚያው አካባቢ የወጣ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ የማይበልጥ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ በ1937ና በ1938 በሹገር ቦውል፣ በ1950 ደግሞ በኦሬንጅ ቦውል ተጋብዞ ሦስቱንም አሸንፎ ነበርና። ስለዚህ ኦሬንጅ ቦውልን የሚያዘጋጁት ሰዎች ከሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ የሚመጣን ትንሽ የካቶሊክ ቡድን ለመጋበዝ በመርህ ደረጃ የሚከለክላቸው ነገር እንዳልነበረ ከሁለት ዓመት በፊት ራሳቸው አሳይተዋል።

በኖቬምበር አጋማሽ በስቶክተን ከተማ ከኮሌጅ ኦፍ ዘ ፓሲፊክ ጋር የተደረገው ግጥሚያ የግብዣውን ጉዳይ ይወስናል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ፓሲፊክ በአዲስ ስታዲየሙ የሚጫወት፣ እሱም ለክብር ግጥሚያ የታጨ ጠንካራ ቡድን ነበር፤ ነገር ግን የሳን ፍራንሲስኮ ቡድን በማትሰን ሩጫና በተከላካዮቹ ጉልበት 47 ለ 14 ድል አደረገው። በዚያ ዕለት የተሸነፈው ፓሲፊክ በ1952 መጀመሪያ ቴክሳስ ውስጥ በሚካሄደው ሰን ቦውል ተጋብዞ ተጫወተ፤ ያሸነፈው ቡድን ግን ቤቱ ቀረ።

የመጨረሻው ግጥሚያ በፓሳዲና፣ በራሱ በሮዝ ቦውል ስታዲየም ከሎስ አንጀለሱ ሎዮላ ጋር ተደርጎ በ20 ለ 2 ድል ተጠናቀቀ። ማትሰን በዘጠኙ ግጥሚያዎች ኳስ ይዞ በመሮጥ 1,566 ያርድ፣ ማለትም ከ1,400 ሜትር በላይ በመሸፈንና 21 ታችዳውን በማስቆጠር የአገሪቱ ቀዳሚ ሆነ። አሶሺዬትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ወኪል በጋዜጠኞች ድምፅ በሚያወጣው የመጨረሻ ዝርዝርም ቡድኑ በመላ አገሪቱ አሥራ አራተኛ ደረጃ ተሰጠው።

ግብዣውና እምቢታው

የውድድር ዘመኑ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ከደቡብ የመጣው መልእክት፣ ተጫዋቾቹ በኋለኞቹ ዓመታት ደጋግመው እንደመሰከሩት፣ ማትሰንና ቶለር ከቀሩ ቡድኑ ሊጋበዝ ይችላል የሚል ነበር። አሰልጣኙ ነገሩን ለተጫዋቾቹ ሲያቀርብ መልሱ ክርክር አላስፈለገውም፤ ማርኬቲን ጨምሮ ነጮቹ ተጫዋቾች ሁለቱን ትተው እንደማይሄዱ በአንድ ቃል አስታወቁ። የግጥሚያዎቹ አዘጋጆች በበኩላቸው የቡድኑ ተጋጣሚዎች ደካሞች ነበሩ የሚል ምክንያት ሰጡ። ተጋጣሚዎቹ ሁሉ ታላላቆች አለመሆናቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን በሳንታ ክላራ ላይ ያልተነሳ ጥያቄ በዚህ ቡድን ላይ መነሳቱና ጥቁር ተጫዋች ያሰለፈ ቡድን እስከዚያ ጊዜ በኦሬንጅም፣ በሹገርም፣ በጌተር ቦውልም አለመታየቱ እውነተኛውን ምክንያት ይገልጣል።

እምቢታው ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለ ለመረዳት እነዚያ ወጣቶች የነበሩበትን ሁኔታ ማሰብ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ የሠራተኛ ቤተሰብ ልጆች ነበሩ፤ በመላው አገሪቱ የሚወራለት የአዲስ ዓመት ግጥሚያ ወደ ፕሮፌሽናል ሊግ ለመግባት ከሁሉ የተሻለ መታያ ነበር፤ ለተመራቂዎቹም ሌላ ዕድል አልነበረም፤ ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ ያለው የገንዘብ ችግርም ለማንም ስውር አልነበረም። እንቢ ለማለት የሚያስገድድ ሕግ፣ የሚያመሰግን ጋዜጣ፣ የሚደግፍ ንቅናቄ ገና አልነበረም፤ የትምህርት ቤቶችን መለያየት የሻረው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ በ1954፣ የሞንትጎመሪ የአውቶቡስ አድማም በ1955 መጨረሻ ነው የመጡት። እነዚህ ተጫዋቾች የወሰኑት ታሪክ ከጎናቸው እንደሚቆም ሳያውቁ፣ ሁለቱ ጓደኞቻቸው የሌሉበት ቡድን የእነሱ ቡድን እንዳልሆነ ብቻ አውቀው ነው። የክብራቸውም ምንጭ ይኸው ነው።

የቡድኑ መዘጋት

በ1952 አዲስ ዓመት ዕለት ቦውሎቹ በሌሎች ቡድኖች ተካሄዱ፤ በማያሚ ጆርጂያ ቴክ ቤይለርን፣ በኒው ኦርሊንስ ሜሪላንድ ቴነሲን አሸነፉ። የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በዚያው ሰሞን የእግር ኳስ ቡድኑን ማስተዳደር እንደማይችል ገልጾ ዘጋው፤ በወቅቱ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት የኢየሱሳውያኑ ካህን አባ ዊሊያም ደን ነበሩ። መዘጋቱ የእምቢታው ቅጣት ነበር ማለት ነገሩን ማቃለል ይሆናል፤ የትንንሽ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲዎች ቡድኖች ሁሉ በወጪ መናርና በተመልካች መቀነስ እየተዳከሙ ነበር። ሴንት ሜሪስ ከ1950 የውድድር ዘመን በኋላ፣ ሎዮላ በ1951፣ ሳንታ ክላራ በ1952 ቡድኖቻቸውን ዘግተዋል፤ ፎርድሃምም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተከተላቸው። ይሁን እንጂ ከቦውል ግጥሚያ የሚገኘው ገንዘብ ዕዳውን ሊያቀልል ይችል እንደነበር የሚያጠራጥር አይደለም፤ ስለዚህ እምቢታው ለቡድኑ የመጨረሻውን የመዳን ዕድል መተው ጭምር ነበር።

ከተበተኑ በኋላ

የተበተኑት ተጫዋቾች በፕሮፌሽናል ሊግ ያሳዩት ችሎታ የተጋጣሚዎቻቸውን ድክመት ምክንያት ያደረገውን ፍርድ ሐሰት አደረገው። ከዚያ አንድ ቡድን ከዘጠኝ ያላነሱ ሰዎች ወደ ሊጉ ገቡ፤ ማርኬቲ፣ ማትሰንና ሴንት ክሌርም በፕሮፌሽናል እግር ኳስ የዝነኞች አዳራሽ ውስጥ ስማቸው ሰፈረ፤ ከአንድ የተማሪ ቡድን ሦስት ሰዎች ይህን ክብር ማግኘታቸው እጅግ የማይለመድ ነው። ማትሰን በ1952 በሄልሲንኪ ኦሎምፒክ በ400 ሜትር የነሐስ፣ በ4 በ400 ሜትር ዱላ ቅብብል ደግሞ የብር ሜዳሊያ አገኘ፤ ከዚያም በቺካጎ ካርዲናልስ በኩሃሪች ሥር ዳግም ተጫወተ፤ በ1959 ወደ ሎስ አንጀለስ ራምስ ሲዛወር ካርዲናልስ በለውጡ ያገኙት ዘጠኝ ተጫዋቾችን ነበር። ማርኬቲ በባልቲሞር ኮልትስ በ1958ና በ1959 ሻምፒዮን ሆነ። ሴንት ክሌር የዩኒቨርሲቲው ቡድን በመዘጋቱ የመጨረሻ ዓመቱን በቱልሳ ጨርሶ በፎርቲናይነርስ ተጫወተ፤ በኋላም የዴሊ ሲቲ ከንቲባ ሆነ።

የቶለር መንገድ ከሁሉም የተለየ ነው። በ1952 በጋ የኮሌጅ ምርጥ ተጫዋቾች ከፕሮፌሽናል ሻምፒዮኑ ጋር በሚያደርጉት ግጥሚያ ጉልበቱ ክፉኛ በመጎዳቱ ለክሊቭላንድ ብራውንስ ተመርጦ ሳለ የተጫዋችነት ዘመኑ ሳይጀመር አበቃ። እሱም ወደ መምህርነት ዞሮ በሳን ፍራንሲስኮ የመጀመሪያው ጥቁር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ለመሆን በቃ። የቀድሞው የዜና ኃላፊ ፒት ሮዜል ከ1960 ጀምሮ የብሔራዊ እግር ኳስ ሊግ ኮሚሽነር፣ ማለትም ዋና አስተዳዳሪ ሆኖ ሳለ፣ ቶለር በ1965 የሊጉ የመጀመሪያ ጥቁር ዳኛ ሆነ፤ በጃንዋሪ 1980 ደግሞ ሱፐር ቦውል የተባለውን የሊጉን የፍጻሜ ግጥሚያ ከዳኙት አንዱ ነበር። ግጥሚያው የተካሄደው በፓሳዲናው ሮዝ ቦውል፣ ቶለር በ1951 ለዩኒቨርሲቲው የመጨረሻ ጨዋታውን ባደረገበት ስታዲየም ነው።

የደቡቡ በር የተከፈተው ዘግይቶና በግፊት ነበር። ሹገር ቦውል ጥቁር ተጫዋች ያየው በ1956 መጀመሪያ የፒትስበርጉ ቦቢ ግሪየር ሲሰለፍ ነው፤ የተጋጣሚው ቡድን ግዛት የጆርጂያ አገረ ገዥ ግጥሚያውን ለማስቆም ሞክሮ ነበር፤ በዚያው ዓመት ሉዊዚያና የተለያየ ዘር ያላቸው ሰዎች አብረው እንዳይጫወቱ የሚከለክል ሕግ አወጣች፤ ይህንም ሕግ የሻረው ፍርድ ቤት ነው። በእነዚሁ ዓመታት የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን በቢል ራስልና በኬ.ሲ. ጆንስ እየተመራ በ1955ና በ1956 የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ፤ የእግር ኳሱ ቡድን ቢዘጋም ሰውን በችሎታው የማሰለፍ ልማድ በኮረብታው ላይ አልጠፋም።

ቡድኑ በይፋ የታሰበው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በ2000 የካሊፎርኒያዋ ሴናተር ባርባራ ቦክሰር ተጫዋቾቹ የዘር መድልዎን በመቃወማቸው እንዲከበሩ የሚጠይቅ የውሳኔ ሐሳብ ለአሜሪካ ሴኔት አቀረበች፤ በ2014ም ታሪካቸው በዘጋቢ ፊልም ቀረበ። ቶለር በ2009 ከሞተ በኋላ፣ በ2017 ዩኒቨርሲቲው በጄምስ ፌላን ስም ይጠራ የነበረውን የተማሪዎች መኖሪያ ሕንጻ በቶለር ስም ሰየመው፤ ፌላን የሳን ፍራንሲስኮ ከንቲባና የካሊፎርኒያ ሴናተር የነበረ፣ ካሊፎርኒያ የነጮች ብቻ ሆና እንድትቀር የቀሰቀሰ ሰው ነበር።

የ1951 ቡድን ዘጠኝ ድሎች በስፖርት መዝገብ ውስጥ በቂ ስፍራ አላቸው፤ ሆኖም ተመሳሳይ ድል ያስመዘገቡ ሌሎች ቡድኖች ብዙ ናቸው። ይህን ቡድን የለየው አንድነቱን በሜዳ ላይ ብቻ ሳይሆን ጥቅም በሚያሳጣበት ቦታም መጠበቁ ነው። የመድልዎ ልማድ ሁልጊዜ የሚኖረው ጥቂቶች በማዘዛቸው ብቻ አይደለም፤ ብዙዎች ለራሳቸው የሚቀርብላቸውን ድርሻ ተቀብለው ዝም በማለታቸውም ነው። በሳን ፍራንሲስኮ የቀረበው ድርሻ ትልቅ ነበር፤ የጠየቀውም የሁለት ሰዎችን መቅረት ብቻ ነበር፤ ተጫዋቾቹ ግን ያንን ልማድ በሚያቆመው ብቸኛ መንገድ፣ ድርሻቸውን ባለመቀበል፣ መለሱለት።